የመኪናችሁን አሮጌ ቴፕ ሳትጥሉ ከስልክ ወይም ከኤምፒስሪ ማጫወቻ ሙዚቃ መስማት

መኪናው አሮጌ ነው፤ ቴፑም አብሮት አርጅቷል። ስፒከሩ ግን አሁንም ይሠራል፣ ራዲዮውም ጥርት ብሎ ይሰማል። ሙዚቃችሁ ያለው ደግሞ ስልክ ውስጥ ወይም በአንዲት ትንሽ ማጫወቻ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወይ ቴፑን ነቅሎ አዲስ መግጠም ያምረዋል፣ ወይ የሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክታ ዘፈኑን በራዲዮ ሞገድ ወደ ቴፑ የምትልከውን ኤፍኤም ትራንስሚተር ይገዛል። እኔ ትራንስሚተሯን ገዛሁ። ለወራት ከጣቢያ ጋር ስታገል ከርሜ፣ አንድ ቀን የክንድ ማሳረፊያውን ሳጥን ሳጸዳ ከሥሩ አንዲት ክብ ቀዳዳ አገኘሁ። ለካ ቴፑ ከጅምሩ የራሱ መግቢያ ነበረው!

ቴፕ ስል ካሴቱን ብቻ ሳይሆን ራዲዮውን፣ ሲዲውን፣ አምፕሊፋየሩን ሁሉ የያዘውን ዳሽቦርድ ላይ ያለ ሳጥን ማለቴ ነው። መንገዶቹን ያስቀመጥኳቸው እንደ ድምፅ ጥራታቸውና እንደ ቅለታቸው ነው። በሽቦ በቀጥታ የሚገባ ድምፅ ከሁሉ ይሻላል። በካሴት በኩል የሚገባው አንዴ ወደ መግነጢስ ተቀይሮ ይመለሳል። በኤፍኤም የሚገባው ደግሞ የራዲዮ ሞገድ ሆኖ በአየር ሄዶ እንደገና ድምፅ ይሆናል። በየመቀያየሪያው ላይ ትንሽ ትንሽ ይጠፋል። የመጀመሪያው መንገድ ከተሳካላችሁ ቀጣዮቹን ማንበብ አያስፈልጋችሁም። መጨረሻ አካባቢ ስለ ጩኸት ያለውን ግን እንዳታልፉት።

መጀመሪያ ቴፑን መርምሩ

ምንም ሳትገዙ አሥር ደቂቃ ስጡት።

ቴፑን አብሩና ከራዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ የሚያዞረውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ብዙ ጊዜ «ሶርስ» ወይም «ሞድ» የሚል ተጽፎበታል። ዞሮ ዞሮ «ኦክስ» የሚል ነገር ስክሪኑ ላይ ብቅ ካለ ደስ ይበላችሁ፤ መግቢያ አለው ማለት ነው። ቀዳዳው የት እንዳለ መፈለግ ብቻ ነው የሚቀረው።

ብቅ ካላለም ተስፋ አትቁረጡ። ከፋብሪካ ሳይሆን በኋላ የተገጠሙ ብዙ ቴፖች ይህን መግቢያ ዘግተው ነው የሚመጡት። ቴፑን አጥፉና የምንጭ ቁልፉን ወይም ትልቁን የድምፅ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። በአንዳንዶቹ ላይ የማስተካከያ ዝርዝር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ኦክስን ማብራት ይቻላል። ሌሎቹ ደግሞ ጃክ (የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ) ካልተሰካባቸው በስተቀር ኦክስ የሚለውን ጭራሽ አያሳዩም።

ቀዳዳው ስፋቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለመደው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ማለት ነው። በቴፑ ፊት ላይ ካጣችሁት የአመድ መጣያውን ከፍታችሁ እዩ። ከማርሹ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ መክደኛዎች፣ የክንድ ማሳረፊያውን ሳጥንና ከተሳፋሪው ፊት ያለውን ዕቃ መያዣ በባትሪ መብራት ፈትሹ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካልጠፋ ደግሞ እሱን ማየት ከሁሉ ያጥራል።

ቴፑ የፍላሽ ቀዳዳ ካለው ሌላ መንገድ አላችሁ። አሮጌ ቴፕ ስልክ በዩኤስቢ ሲሰካበት ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ቢበዛ ቻርጅ ያደርገዋል፣ እሱንም ቀስ ብሎ። ፍላሽ ግን ያነባል። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት መደረግ አለበት፤ ዘፈኖቹም ኤምፒስሪ ቢሆኑ ይመረጣል። «ፍላሼን አላነብ አለኝ» ብለው ከሚያማርሩት ብዙዎቹ ችግራቸው ፎርማቱ ነው።

ኦክስ ካለ

የሚያስፈልጋችሁ በሁለቱም ጫፍ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ያለው ኬብል ነው። ጃኩን ልብ ብላችሁ ካያችሁት በሁለት ጥቁር ቀለበት ለሦስት ተከፍሏል። ጫፉ የግራ ድምፅ፣ መሐሉ የቀኝ፣ ሥሩ ደግሞ የጋራ መመለሻው ነው። የስልክ ጆሮ ማዳመጫ ላይ ያለው ጃክ ሦስት ቀለበት አለው፤ ተጨማሪው ለማይክሮፎን ነው። ለመኪናው ባለ ሁለት ቀለበቱ ይበቃል።

የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሌላቸው ስልኮች ጉዳይ ትንሽ ያስቸግራል። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2016 በሰባተኛው ሞዴሉ ቀዳዳውን ካስቀረ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። ለእነዚህ ከቻርጅ ቀዳዳው ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር የሚቀይር አጭር ኬብል ያስፈልጋል። ታይፕ ሲ ለሆኑት ግን ተጠንቀቁ። መቀየሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ቺፕ ውስጡ አለው። ሌላው ባዶ ሽቦ ነው፤ ድምፁን ቀይሮ የሚሰጠው ስልኩ ራሱ መሆን አለበት። ብዙ ስልኮች ይህን አያደርጉም። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። እዚያው ሰክታችሁ ሞክራችሁ ካልሆነ አትግዙ።

አሰካኩ እንዲህ ነው። ቴፑን አብሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጉ። ጃኩን መጀመሪያ ማጫወቻው ላይ፣ ቀጥሎ ቴፑ ላይ ሰኩ። ምንጩን ወደ ኦክስ አዙሩ። ከዚያ የማጫወቻውን ድምፅ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ፣ 80 በመቶ አካባቢ አድርጉና ዘፈን ክፈቱ። የቀረውን በመኪናው ቁልፍ አስተካክሉ።

ይህ 80 በመቶ ነገር በዘፈቀደ አይደለም። የማጫወቻውን ድምፅ በጣም ዝቅ ካደረጋችሁ የቴፑን በጣም ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ከዘፈኑ ጋር «ሽሽሽ» የሚለው አብሮ ያድጋል። ጥግ ድረስ ካደረሳችሁት ደግሞ አንዳንድ ማጫወቻ መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ በተለይ ቤዝ ሲመታ። ስልኩ ላይ ያለውን ኢኳላይዘር (የቤዝና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) አጥፉት። ቤዙን ስልኩም ቴፑም ከጨመሩት የሚሰማችሁ ከበሮ ሳይሆን ጉርምርምታ ነው።

ከኦክስ ወደ ራዲዮ ስትመለሱ ድምፁን ቀድማችሁ ቀንሱ። የሁለቱ ምንጮች ጉልበት እኩል ስላልሆነ ራዲዮው ጆሮ ላይ ሊጮህ ይችላል።

ያለው ካሴት ብቻ ከሆነ

እኔ የካሴት አስማሚ ደጋፊ ነኝ። ሰው ይንቀዋል እንጂ ከኤፍኤም ትራንስሚተር ብዙ ጊዜ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። መልኩ ካሴት ነው፤ ከጎኑ ጃክ ያለው ቀጭን ሽቦ ይወጣል። ውስጡ ግን ክር የለም።

አሠራሩ ደስ ይላል። ካሴት ሲጫወት ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየሄደ በቴፑ ንባብ ራስ ፊት ያልፋል፤ ራሱ የሚያነበው ክሩ ላይ ያለውን የመግነጢስ መለዋወጥ ነው። ክሩ ይሂድ አይሂድ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። አስማሚው ክሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ የራሱን ትንሽ ራስ ያስቀምጣል። ከስልካችሁ የመጣው ድምፅ እዚያ መግነጢስ ይሆናል፤ የቴፑ ራስም ካሴት የሚያነብ መስሎት ይቀበለዋል። በአጭሩ ቴፑን መሸወድ ነው።

ከመክተታችሁ በፊት የቴፑን ራስ አጽዱ። ጥጥ የተጠቀለለበት የጆሮ መጥረጊያ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርሱና በካሴቱ በር አስገብታችሁ የሚያብረቀርቀውን ብረት ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ የዓመታት የክር ብናኝ ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ድገሙት። አልኮሉ እስኪደርቅ ጥቂት ጠብቁ። ድምፁ የታፈነ ይሆን የነበረበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሽቦው አወጣጥ አለ። አንዳንዱ ቴፕ ካሴትን በጠባቡ ጎን፣ ሌላው በሰፊው ጎን ይቀበላል። ሽቦው የካሴቱ በር በሚዘጋበት በኩል ተጣጥፎ ከቀረ ውሎ አድሮ ይቆረጣል። ሽቦውን ወደሚፈልጉት ጎን ማዞር የሚቻልባቸው አስማሚዎች አሉ፤ ካገኛችሁ እነሱን ምረጡ።

ካሴቱን አስገቡ፣ ቴፑ ማጫወት ይጀምር፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ዘፈኑን ክፈቱ። «ዶልቢ» የሚል ቁልፍ ካለ አጥፉት። እሱ የተሠራው የካሴትን ሽሽታ ለመቀነስ ነው፤ ለእናንተ ግን ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጥባችኋል።

ቴፑ አስማሚውን እየመለሰ የሚተፋ ከሆነ ወይም «ቀጭ ቀጭ» እያለ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚገለባበጥ ከሆነ ምክንያቱ አንድ ነው። ቴፑ የካሴቱ መዘውሮች መዞራቸውን ይጠባበቃል። ካልዞሩ ክሩ አልቋል ወይም ተጠላልፏል ብሎ ያስባል። ጥሩ አስማሚ ሁለቱን መዘውሮች የሚያገናኙ ትንንሽ ጥርሶች ውስጡ ስላሉት ቴፑን ያሳምነዋል። ርካሹ ጥርሱ ይጎድለዋል ወይም ይነክሳል። ድምፁ ጭራሽ ካልተሰማ ወይም እሩቅ ያለ ከመሰለ የገጽ መቀየሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጫኑ፤ ቴፑ ሌላውን ገጽ እያነበበ ሊሆን ይችላል። የመዘውሮቹ መፍጨት ድምፅ ትንሽ ይሰማችኋል። ሞተሩ ሲነሳ ግን ይረሳል።

ከጀርባ መግባት

ይህኛው እጅ ይፈልጋል። ከኤሌክትሪክ ጋር ካልተላመዳችሁ ለመኪና ኤሌክትሪሻን ስጡት፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ አይደለም።

ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ብዙ የፋብሪካ ቴፖች ከባትሪ ሲለያዩ ይቆለፉና የምስጢር ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር በተሰጠ ካርድ ላይ ይገኛል። ሳታገኙት ባትሪ አትንቀሉ፣ አለዚያ ራዲዮውንም ታጡታላችሁ። ቁጥሩ ካለ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። በጎን ያሉትን ክፈፎች በካቻቢቴ ሳይሆን በፕላስቲክ መፈልቀቂያ አንሱ፤ ካቻቢቴ ዳሽቦርድ ላይ የሚተወው ጭረት አይለቅም። ብዙ ቴፖች በፊታቸው ላይ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሏቸው። ለዚያ የተሠሩ ቁልፎች እዚያ ሲገቡ መያዣው ይለቅና ሳጥኑ ተስቦ ይወጣል።

ጀርባው ላይ ቀይና ነጭ ክብ ሶኬቶች ካያችሁ ወዲያው አትሰኩ። ለአምፕሊፋየር ድምፅ *የሚያወጡ* ሊሆኑ ይችላሉ። «ኢን» ወይም «ኦክስ» የሚል ከተጻፈባቸው መግቢያ ናቸው፤ «አውት» ካለ መውጫ። መግቢያ ከሆኑ በአንድ ጫፉ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ፣ በሌላው ቀይና ነጭ ያለው ኬብል ይበቃችኋል። ቀዩ ቀኝ፣ ነጩ ግራ ነው።

ሌላው ዕድል የሲዲ ቼንጀር መግቢያ ነው። ድሮ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወይም ወንበር ሥር ብዙ ሲዲ የሚይዝ ሳጥን ይገጠም ነበር፤ ቴፑ ለእሱ የተዘጋጀ ባለ ብዙ እግር ሶኬት አለው። ለዚያ ሶኬት የሚሆን የኦክስ መቀየሪያ ይሸጣል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ብዙ ቴፖች ቼንጀሩ «አለሁ» የሚል መልእክት ካልላከላቸው ያንን ምንጭ አይከፍቱም። ስለዚህ ለአንዳንዱ ተራ ኬብል ይሠራል፤ ለሌላው ቼንጀር መስሎ የሚመልስ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ያስፈልጋል። ሶኬቱ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከዓመት ዓመት ይለያያል። በቴፑ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። በመኪናው ስም ብቻ አትግዙ።

ሁሉም ከጠፋ ባለ ሽቦ የኤፍኤም ሞጁሌተር አለ። በአንቴናውና በቴፑ መሐል ይገባል። ድምፁን እንደ ራዲዮ ጣቢያ አድርጎ በአንቴናው ሽቦ በኩል ያስገባል፤ ሲበራም ብዙዎቹ የውጭውን አንቴና ይቆርጡታል። ስለዚህ ሌላ ጣቢያ አይገባበትም። ከትራንስሚተር በብዙ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም አታድርጉ። የማጫወቻውን ሽቦ ከስፒከር ሽቦ ጋር አታገናኙ። «ስፒከሩ እኮ እዚሁ ነው፣ ለምን በቀጥታ አላያይዘውም?» ብሎ የሚያስብ ሰው አጋጥሞኛል። በብዙዎቹ የመኪና ቴፖች የስፒከር ሽቦ ላይ ዘፈን ባይኖርም እንኳ የባትሪው ግማሽ፣ ማለትም 6 ቮልት አካባቢ ቋሚ ኃይል ይቀመጣል። ስልኩን ሊያቃጥለው ይችላል። የስልኩ ጉልበት ደግሞ የመኪና ስፒከር ለመግፋት አይበቃም።

በጣም ጥንታዊ መኪና ላላችሁም ትንሽ ቃል አለኝ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ከተሠሩት የእንግሊዝ መኪናዎች ብዙዎቹ አካላቸው የታሰረው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ነው። እዚያ ላይ ስልክ ቻርጅ እያደረጋችሁ ኦክስ ብትሰኩ ሾርት ታደርጋላችሁ። ባለሙያ ሳያይ አትሞክሩት።

ኤፍኤም ትራንስሚተር

ከላይ የተባለው ሁሉ ካልሆነ ወደዚህ ኑ። ትራንስሚተሯ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ናት፤ ሕጉ በየአገሩ ኃይሏን ስለሚገድብ አቅሟ ደካማ ነው። ሥራችሁ ባዶ ቦታ መፈለግ ነው። ራዲዮውን ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ በእጅ ቀስ ብላችሁ አስሱ። የሰው ድምፅ የሌለበት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ግራና ቀኙም 0.2 ሜጋኸርዝ ያህል ጸጥ ያለ ይሁን። ትራንስሚተሯን እዚያው ላይ አስተካክሉና ራዲዮው ላይ ቁጥሩን መዝግቡ። መኪናው ቦታ ሲቀይር ያ ባዶ ቦታ በሌላ ጣቢያ ሊያዝ ስለሚችል ሁለት ሦስት አማራጭ ያዙ።

ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቴፕ ካላችሁ አንድ ጣጣ አለ። የድሮው የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር። ትራንስሚተሯ ደግሞ ከ87.5 ትጀምራለች። የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። 100 ላይ አስተካክላችሁ ራዲዮው አልደርስ ቢላችሁ ያልሠራው ዕቃው አይደለም።

የስልኩን ድምፅ እዚህ ላይ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል፤ ዘፈኑ ሽሽታውን ይውጠዋል። መሰነጣጠቅ ሲጀምር አንድ ደረጃ መልሱት።

ብሉቱዝ ከፈለጋችሁ

ብሉቱዝ ራሱን የቻለ መንገድ አይደለም። ስልኩን ከሽቦ የሚያላቅቅ ነገር ነው እንጂ በመጨረሻ ወደ ቴፑ ከላይ ካሉት መንገዶች በአንዱ መግባቱ አይቀርም። ኦክስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ተቀባይ ግዙ፣ ከስልኩ ጋር አንዴ አጣምሩ፣ ከዚያ ሞተር ስታስነሱ ራሷ ትያያዛለች። በካሴት ቅርጽ የተሠራ የብሉቱዝ ተቀባይም አለ። እሱ ግን ባትሪው ሲያልቅ እያወጡ ቻርጅ ማድረግን ይጠይቃል።

«ዊይይይ» የሚለው ጩኸት

ሁሉን አስተካክላችሁ፣ ሞተሩን ስታስነሱ ከዘፈኑ ጀርባ ቀጭን ፉጨት ይመጣል። ነዳጅ ስትሰጡ ፉጨቱም ይቀጥናል፣ ስትለቁ ይወርዳል። ሰው ኬብሉ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። ያው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ ዘፈኑን አቁሙና ድምፁን ከፍ አድርጉ። ከዚያ የስልኩን ቻርጀር ንቀሉ። ፉጨቱ ወዲያው ከጠፋ ነገሩ ተገኘ። ስልኩ ከመኪናው ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ከታሰረው የመኪናው ብረት አካል) ጋር በሁለት በኩል ተያይዟል፤ በቻርጀሩም በኦክስ ሽቦውም። ሁለቱ መንገዶች ክብ ይሠራሉ፤ የዲናሞው ረብሻ በዚያ ክብ ውስጥ እየዞረ ወደ ድምፁ ይገባል።

መፍትሔው ክቡን መበጠስ ነው። በጣም ቀላሉ ስልኩን ቀድሞ ቻርጅ አድርጎ በመንገድ ላይ በባትሪው መጠቀም ነው። ሌላው በኦክስ ሽቦው መሐል የምትገባ የማሳ መለያ መሣሪያ ናት። ውስጧ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ ድምፁን በመግነጢስ ያሳልፋሉ፣ በሽቦ ግን አይገናኙም። ፉጨቱ ድርግም ይላል። ርካሿ ቤዙን ትንሽ ትቀንሳለች፤ ይህን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ቻርጀሩ ተነቅሎም ፉጨቱ ካለ ግን ይህ ክብ አይደለም ማለት ነው። የቴፑ ማሳ ሽቦ ላልቶ ወይም ዝጎ ሊሆን ይችላል። ወይም የኦክስ ሽቦው ከወፍራም የኃይል ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቷል፤ ለያዩት፣ መሻገር ካለበትም በመስቀል ይሻገር።

ከአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ጃኩን ሳትነቅሉ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። እየመጣ ከሄደ ወይ ጃኩ ጥግ ድረስ አልገባም፣ ወይ ኬብሉ ከአንገቱ ተቆርጧል። የስልኩ ቀዳዳ ውስጥ ከኪስ የገባ ብናኝ ተጠቅጥቆ ጃኩን የሚከለክለው ጊዜም አለ። ስልኩን አጥፉና በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ በመርፌ አትሞክሩ። ከዚያ ኬብሉን ከማርሹና ከእጅ ፍሬኑ አርቃችሁ አሳልፉ፤ መሪው ሲዞርም እንዳይያዝ አስተካክሉና ዘፈኑን ከመነሳታችሁ በፊት ምረጡ።